ዲ የነበረው ድራይቭ ኢ ሆነብኝ፦ ፊደሉን ልመልሰው ወይስ ልተወው?

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አንድ ጥያቄ አለችኝ።

ኮምፒውተሬ ውስጥ አዲስ ኤስኤስዲ አስገባሁና ዊንዶውስ 11ን እሱ ላይ እንደ አዲስ ጫንኩ። አሮጌው ሃርድ ዲስክ አልወጣም፤ እዚያው አለ። ለሁለት የተከፈለ ነው። አንዱ ክፍል ላይ የድሮው ዊንዶውስ ተኝቷል፤ ሌላው ላይ ሥራዬ ሁሉ አለ። የሥራው ክፍል ለዓመታት ዲ ነበር። አሁን ዲን የድሮው ዊንዶውስ ይዞታል፤ ሥራዬ ኢ ሆኗል።

ፋይሎቹ ደህና ናቸው፤ ይከፈታሉ። ያስቸገረኝ የቪዲዮ ማቀናበሪያው ነው። የድሮ ፕሮጀክት ስከፍት ክሊፖቹን ዲ ውስጥ ይፈልጋል፣ አያገኝም፣ ስክሪኑን በማስጠንቀቂያ ይሞላዋል። ፊደሉን ወደ ዲ ብመልሰው መረጃዬን አጣለሁ? ነካክቼ ከማበላሸቴ በፊት ልጠይቅ ብዬ ነው። አመሰግናለሁ።

ጥያቄዬ ይኸው ነበር። በሁለት መልስ የሚያልቅ ነገር ይመስላል። ክሩ ግን እስከ 30 ደረሰ። ለሚመጣው ሰው ይጠቅማል ብዬ ዋና ዋናውን በቁጥሩ እየጠራሁ ልተርከው። ስድቡን ዘልዬዋለሁ፤ ሁሉንም ግን አይደለም።

1ኛው መልስ ትሁት ነበር። ፊደል መቀየር ፋይል እንደማይነካ አረጋገጠልኝና መንገዱን አሳየኝ፦ የስታርት ምልክት ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ዲስክ ማኔጅመንት፣ ፓርቲሽኑ (የዲስኩ ክፍል) ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ከዚያ የድራይቭ ፊደል መቀየሪያው። ፎርማት የሚለው ትእዛዝ እዚያው ዝርዝር ውስጥ፣ ልክ ከሥሩ ስለሚገኝ እጄ እንዳይስት አስጠነቀቀኝ። ጥሩ ምክር ነው። ሁለቱን አጎራብቶ ያስቀመጠው ሰው ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ።

2ኛው ወዲያው አንድ ነገር አረመ። ዲ ተይዟል፤ በተያዘ ፊደል ላይ ሌላ ድራይቭ መደረብ አይቻልም። ምርጫው ውስጥ ዲ ጭራሽ አይታይም። ስለዚህ መጀመሪያ የድሮውን ዊንዶውስ ክፍል ከዲ ማስነሳትና ለጊዜው ቲ ወይም ሌላ ነጻ ፊደል መስጠት ያስፈልጋል። ኢን ወደ ዲ ማምጣት ከዚያ በኋላ ነው። 1ኛው ተመልሶ መጥቶ አመሰገነው። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነበር።

3ኛው መልስ ለእኔ የክሩ ምርጥ ነው። የጻፈችው ልጅ ነገሩን ከሥሩ አስረዳችን። ፊደሉ ዲስኩ ላይ አልተጻፈም። ዊንዶውስ ቅንብሮቹን በሚይዝበት በራሱ ሬጂስትሪ ውስጥ፣ ማውንትድ ዲቫይስስ በሚባል ቦታ፣ የትኛው ፓርቲሽን የትኛውን ፊደል እንደያዘ ይመዘግባል። ዲስኩ በአሮጌው በኤምቢአር መንገድ የተከፈለ ከሆነ መዝገቡ 12 ባይት ብቻ ነው፤ 4ቱ የዲስኩ መለያ፣ 8ቱ ፓርቲሽኑ የሚጀምርበት ቦታ። በአዲሱ በጂፒቲ መንገድ ከሆነ ደግሞ የፓርቲሽኑን የራሱን ረጅም መለያ ይይዛል። አንድ ኤክስተርናል ዲስክ እኔ ጋ ኤፍ፣ ጓደኛዬ ጋ ጂ የሚሆነው ለዚህ ነው። የእያንዳንዱ ኮምፒውተር ደብተር ለየብቻ ነው።

የእኔ አዲስ ዊንዶውስ ታዲያ ባዶ ደብተር ይዞ ነው ሥራ የጀመረው። የድሮው ዲ ብሎ የጻፈውን ከየት ይወቅ? ያገኛቸውን ክፍሎች በተራ፣ ከነጻዎቹ ፊደሎች የመጀመሪያውን እየሰጠ ሄደ። የድሮው ዊንዶውስ ክፍል ቀድሞ ስለተገኘ ዲን ወሰደ። ያ ክፍል በራሱ ዘመን ሲ እንደነበርም አስታወሰችን። ፊደል ብትቀይሩ መረጃው ንቅንቅ አይልም፤ የሚጎዳው ፊደሉን በቃሉ የያዘ ፕሮግራም ነው። ሾርትከት፣ የጌም ላይብረሪ፣ የባክአፕ ስክሪፕት፣ የእኔው ቪዲዮ ማቀናበሪያ።

4ኛው በዚህ ተስማምቶ ፊደሉን ከመንካት ይልቅ ፕሮግራሙን ማስተካከል ይሻላል አለ። ብዙ የቪዲዮ ማቀናበሪያዎች አንድ የጠፋ ክሊፕ ስታሳያቸው በዚያው ፎልደር ያሉትን ሌሎቹን ራሳቸው ፈልገው ያገናኛሉ። ልክ ነው፤ አንድ ፕሮጀክት ላለው ሰው። ብዙ ላለው ግን በየፋይሉ መዞር ነው። እኔ ፊደሉን መቀየር መረጥኩ።

5ኛው የራሱን ታሪክ ይዞ መጣ። ክሩ የሞቀውም በእሱ ነው። የባክአፕ ስክሪፕት ነበረው። ሮቦኮፒ የሚባለውን የዊንዶውስ የመቅጃ ትእዛዝ ሚር ከሚባለው ምርጫ ጋር ይጠቀማል፤ የዲን ይዘት በሙሉ ኤክስተርናል ዲስኩ ላይ ያንጸባርቃል። ሚር ማለት እዚህ የሌለ ነገር እዚያም አይኑር ማለት ነው። መነሻው ላይ ያጣውን ከመድረሻው ይሰርዛል። ሰውየው አዲስ ባዶ ዲስክ ገዝቶ፣ ዊንዶውስም እንደ አዲስ ጭኖ፣ ስክሪፕቱን እንደ ልማዱ ሁለቴ ክሊክ አደረገው። ዲ ግን አሁን ባዶው ዲስክ ነው። ሮቦኮፒ የታዘዘውን ፈጸመ። ባዶ አየ፣ ባዶ አደረገ። ጥቁሩ መስኮት ላይ የፋይል ስም በፍጥነት ሲወርድ የሚቀዳ መስሎት ሻዩን እየጠጣ ይመለከት ነበር።

6ኛው አልተዋጠለትም። ዋናው ፋይል ኢ ላይ ካለ የጠፋው ኮፒው ብቻ ነው፤ ምን ያስለቅሳል ብሎ ጠየቀ። አነጋገሩ ጨዋ አልነበረም። 7ኛው የራሱ የ5ኛው ሰው መልስ ነው። እውነት ነው፣ ምንም አልጠፋበትም፤ ሁሉንም እንደገና ቀድቶታል። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ሊያደርግ አስቦ የነበረው ኢን ፎርማት ማድረግ ነበር፤ ባክአፕ አለኝ ብሎ። ይህን ሲጽፍ 6ኛው ዝም አለ። ምክሩ ስክሪፕቱ ከመጀመሩ በፊት የታወቀ ምልክት ፋይል መኖሩን እንዲያጣራ ማድረግ ነው፤ ፋይሉ ከሌለ ይቁም። እኔም ስክሪፕቶቼን በዚህ መንገድ አስተካክያለሁ። ሳይቃጠል በቅጠል።

8ኛው መልስ አንዲት ጥያቄ ብቻ ነበር፤ እንቅልፍ የነሳችኝ እሷ ናት። ዊንዶውስን ስጭን አሮጌው ዲስክ ተሰክቶ ነበር ወይ? ነበር። 9ኛው ይህን ሳያነብ ይመስላል፣ የድሮውን ዊንዶውስ ክፍልም ሌሎቹን ትናንሽ ፓርቲሽኖችም አሁኑኑ አጥፍቼ ቦታውን እንዳተርፍ መከረኝ። 10ኛው ጮኸበት። ሰውን ከድጡ ወደ ማጡ እያስገባህ ነው ዓይነት ነገር፤ ከዚያም የባሰ።

ጩኸቱ ምክንያት ነበረው። በ11ኛው መልስ ተረጋግቶ አስረዳ። ዘመናዊ ኮምፒውተር ሲበራ ዊንዶውስን የሚያስነሳው ኢኤፍአይ ከሚባል ትንሽ ፓርቲሽን ነው። ይህ ፓርቲሽን ፊደል የለውም፤ ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ አይታይም። የዊንዶውስ መጫኛ ሌላ ዲስክ ላይ የተዘጋጀ ኢኤፍአይ ካገኘ አዲስ አይፈጥርም፤ ያንኑ ይጠቀማል። እና ዊንዶውስ አዲሱ ዲስክ ላይ ሆኖ ማስነሻው አሮጌው ላይ ይቀራል። አሮጌውን ያጠፋህ ወይም የነቀልክ ቀን ኮምፒውተሩ አይነሳም።

ዲስክ ማኔጅመንት ከፍቼ አየሁ። የመስኮቱ የታችኛው ግማሽ እያንዳንዱን ዲስክ በአንድ ረድፍ ይስለዋል። ዲስክ 0 አሮጌው ነው፤ ከግራ ጫፉ ላይ 100 ሜጋባይት የምትል ጠባብ ሳጥን አለች፤ ኢኤፍአይ ሲስተም ፓርቲሽን ይላል ጽሑፏ። ቀጥሎ ዲ፣ ቀጥሎ ኢ። ዲስክ 1 አዲሱ ነው፤ ሲ አለበት፤ ኢኤፍአይ የሚል ሳጥን ግን የለም። 8ኛው ሰው የጠረጠረው ደርሷል። ይህንኑ ጻፍኩ፤ 12ኛው ቁጥር የእኔ ነው።

ከዚያ ሰዉ ጎራ ለየ። 13ኛው እንደገና መጫን ነው መፍትሔው አለ። የአሮጌውን ዲስክ ኬብል ንቀል፣ ዊንዶውስን ድጋሚ ጫን፤ ሌላ ዲስክ ስለማያይ ኢኤፍአዩን አዲሱ ላይ ራሱ ይፈጥረዋል። 14ኛው ለአንዲት ትንሽ ፓርቲሽን ሁሉን ማፍረስ ስንፍና ነው ብሎ ተነሳ። የእሱ መንገድ ዲስክን በጽሑፍ ትእዛዝ በሚከፍለው በዲስክፓርት ነው። ሲን ትንሽ ማሳነስ፣ በተገኘው ቦታ ላይ 260 ሜጋባይት ኢኤፍአይ ፓርቲሽን መፍጠር፣ ፋት 32 በሚባለው የፋይል አቀማመጥ ፎርማት ማድረግ፣ ለጊዜው ኤስ የሚል ፊደል መስጠት። ከዚያ ቢሲዲቡት የሚባለው ትእዛዝ የማስነሻ ፋይሎቹን ከሲ የዊንዶውስ ፎልደር ወደ ኤስ ይገለብጣል። 13ኛው ደግሞ በ15ኛው መልስ ተመልሶ፣ ዲስክፓርትን ለጀማሪ መስጠት ምላጭ ለሕፃን መስጠት ነው አለ። ትእዛዙ ከመፈጸሙ በፊት እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ አይጠይቅም፤ የተሳሳተ ዲስክ መርጠህ ክሊን (አጽዳ) ካልክ አለቀ።

ሁለቱም ልክ ናቸው። ምንም ፕሮግራም ገና ያልጫነ ሰው 13ኛውን ቢሰማ ይሻለዋል። እኔ ፕሮግራሞቼን ጭኜ ጨርሼ ስለነበር 14ኛውን ተከተልኩ። ግን እያንዳንዱን ትእዛዝ ከመጻፌ በፊት ሊስት ዲስክ እያልኩ የተመረጠውን ዲስክ በመጠኑ አረጋግጫለሁ። የተመረጠው ፊቱ ላይ ትንሽ ኮከብ ይደረግበታል፤ እሷን ማየት ነው። ሥራው ሲያልቅ የኤስን ፊደል አነሳሁት።

መሐል ላይ ክሩ ወደ ታሪክ ዞረ። አንድ ሰው በ16ኛው መልስ ለምን ከሲ እንደሚጀመር ጠየቀ፤ ኤ እና ቢ የት ገቡ? በ17ኛው የመለሱት በዕድሜ የገፉ ባለሙያ ናቸው። ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። ድራይቭን በፊደል መጥራት ከዊንዶውስ በፊት ለነበረው ለዶስ፣ ከእሱ ከቀደመው ከሲፒኤም የመጣ ልማድ እንደሆነ ነገሩን። በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ አንድ ወይም ሁለት የዲስኬት ማጫወቻ ነበረው፤ እነሱ ኤ እና ቢ ናቸው። አንድ ብቻ ካለህ እንኳ ዶስ ቢን እንዳለ ቆጥሮ ዲስኬት ቀይር ይልሃል። በ1983 ኤክስቲ የተባለው ሞዴል 10 ሜጋባይት ሃርድ ዲስክ ይዞ ሲመጣ ሦስተኛውን ፊደል ወሰደ። ዲስኬቱ ሞተ፤ ሲ ግን ቦታውን አለቀቀም።

ጋሼ ከታሪኩ ጋር የእኔን ጉዳይም አነሱ። በዶስ ዘመን ይህ ችግር ሁለተኛ ዲስክ በገባ ቁጥር የሚጠበቅ ነበር። ዶስ መጀመሪያ የሁሉንም ዲስኮች ዋና ፓርቲሽን ይቆጥራል፤ ከዚያ ወደ ውስጠኞቹ ይመለሳል። ስለዚህ የአዲሱ ዲስክ ዋና ፓርቲሽን ዲን ይነጥቃል፣ የቀድሞው ዲ ወደ ኢ ይገፋል። ፊደል የሚቀየርበት ምናሌ ደግሞ የለም። ዘዴያቸው አዲሱን ዲስክ ያለ ዋና ፓርቲሽን መክፈል ነበር፤ ውስጠኞች ብቻ ካሉት ተራው መጨረሻ ላይ ይሆናል፣ ማንንም አያፈናቅልም። ይህችን መልስ ብዙ ሰው ወደዳት። እኔም።

18ኛው ኤ እና ቢ ዛሬም ለሃርድ ዲስክ ክልክል ናቸው ብሎ ነገረን። 19ኛው አረመው፤ ዊንዶውስ በራሱ አይሰጣቸውም እንጂ በእጅህ መስጠት ትችላለህ። 20ኛው 26 ፊደል ቢያልቅስ ሲል ጠየቀ። እንዲህ ያለው ሰው ስንት ዲስክ እንዳለው ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። ለማንኛውም መልሱ አለ፤ ፓርቲሽንን በፊደል ፋንታ በአንድ ባዶ ፎልደር ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። ፎልደሩ ያለበት ድራይቭ ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው የዊንዶውስ የፋይል አቀማመጥ ፎርማት የተደረገ መሆን አለበት።

21ኛው የሊኑክስ ሰው ነው። አንድ መምጣቱ አይቀርም ነበር። እኛ ጋ ፊደል የሚባል ጣጣ የለም፣ እናንተ ግን ከ1981 አልወጣችሁም ዓይነት ንግግር አደረገ። 22ኛው ነከሰው። ዲስኮቻችሁን ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ ስትሉ መጨረሻው ላይ ያለው ታዲያ ፊደል አይደለም? እሱም ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ቦታ ሊቀያየር ይችላል። 23ኛው፣ እሱም የሊኑክስ ተጠቃሚ፣ ሁለቱንም አስታረቀ። የትኛው ዲስክ የት እንደሚቀመጥ የሚዘረዝረው ኤፍኤስታብ የሚባለው ፋይል ላይ ዩዩአይዲ የሚጽፉት ለዚህ ነው፤ እሱ የፋይል ሲስተሙ መለያ ስለሆነ ዲስኩ የትም ቢሰካ አብሮት ይሄዳል። ከ3ኛዋ መልስ ጋር ስታስተያዩት ዊንዶውስም ከውስጥ የሚሠራው በመለያ ነው። ፊደሉ ለእኛ ነው።

24ኛው የአወያዩ ነው። ውሃ ቀጠነ ብላችሁ አትጣሉ፣ ወደ ጉዳዩ ተመለሱ አለ።

25ኛው የእኔ ሪፖርት ነው። የአሮጌውን ዲስክ ኬብል ነቅዬ ኮምፒውተሩን አበራሁት፤ ተነሳ። አጥፍቼ መልሼ ሰካሁት። ከዚያ በዲስክ ማኔጅመንት ዲን ቲ አደረግኩት። በፊደል የሚመሩ አንዳንድ ፕሮግራሞች ላይሠሩ ይችላሉ የሚል ማስጠንቀቂያ ወጣ፤ ቀጥል አልኩት። ከዚያ ኢን ዲ አደረግኩት። ሪስታርት እንኳ አልጠየቀም። ቪዲዮ ማቀናበሪያውን ስከፍት ክሊፖቹ በየቦታቸው ናቸው። በ2ኛዋ መልስ ያለቀ ነገር ነው ማለት ነው፤ ያለ 8ኛዋ ግን አንድ ቀን አሮጌውን ዲስክ አውጥቼ ቁጭ እል ነበር።

26ኛው ሌላ ጉዳይ ይዞ ገባ። አሮጌውን ዲስክ ክሎን አድርጎ አዲሱ ላይ ገልብጦታል፤ አሁን ሁለቱም ተሰክተው አዲሱ ኤች ይላል። ሬጂስትሪ ገብቶ ኤችን ሲ ሊያደርገው ነው። 27ኛው ተቆጣ። የሚሠራ ዊንዶውስ ያለበትን ድራይቭ ፊደል አትንካ፤ ዲስክ ማኔጅመንትም የከለከለው ያለ ነገር አይደለም። ብዙ ነገር ሲ ተብሎ የተጻፈ ስለሆነ ዊንዶውሱ ከነጭራሹ ላይነሳ ይችላል። ሰውየው መነካካት አያስፈልገውም። አሮጌውን ነቅሎ በአዲሱ ብቻ ቢያስነሳው ክሎኑ ራሱን ሲ ይላል። ክሎን አንድ ዓይነት መለያ ስለሚኖረው ዊንዶውስ አንዱን ኦፍላይን (ከሥራ ውጭ) አድርጎ ቢያስቀምጠውም እንዳይደነግጥ ጨመረለት። በኃይል ኦንላይን ካደረገው መለያው ይቀየርና ክሎኑ አልነሳም ሊል ይችላል። ምክሩ ትክክል ነው። ቁጣው ግን ለሰውየው አይገባውም ነበር፤ ከመነካካቱ በፊት ነው የጠየቀው።

28ኛዋ ለኤክስተርናል ዲስክ የምታደርገውን ነገረችን። ከፍ ያለ ፊደል ትሰጠዋለች፣ ፒ ወይም አር። ፍላሽ በተሰካ ቁጥር ዊንዶውስ ከታች ያለውን ነጻ ፊደል ስለሚሰጥ እዚያ አካባቢ ግርግር አለ። በእጅህ የሰጠኸውን ግን ያ ኮምፒውተር ያስታውሰዋል። እስከ ዜድ እንዳንጠጋ ግን መከረች፤ የኔትወርክ ድራይቭ ከዜድ ወደ ታች ነው የሚመደበው። ለእያንዳንዱ ፓርቲሽን ስም መስጠትንም አትዘንጉ አለች። ስሙ ከፊደሉ በተለየ ዲስኩ ላይ ራሱ ይጻፋል። ያኔ ፊደሉ ቢቀያየርም ሥራ የሚለውን ከባክአፕ ትለያለህ።

29ኛው ይህን አጠናከረው። ዊንዶውስ እምቢ ብሎ የጥገናው ገጽ ሲከፈት ፊደሎቹ የምታውቃቸው ላይሆኑ ይችላሉ። የጥገናው ሥርዓት ራሱ ኤክስ ነው፤ የአንተ ሲ ደግሞ ዲ ሆኖ ሊቆይህ ይችላል። እዚያ ገብቶ ፊደሉን አምኖ ፎርማት ያደረገ ሰው እንደሚያውቅ ጽፏል። መጀመሪያ ዲስክፓርት ውስጥ ሊስት ቮልዩም በል፤ ስሙንና መጠኑን አይተህ ቀጥል።

30ኛው ቲ ብዬ የተውኩትን የድሮ ዊንዶውስ ምን ላደርገው እንደሆነ ጠየቀኝ። ለጊዜው አላጠፋውም፤ አንዳንድ የፕሮግራም ቅንብሮች እዚያ ቀርተው ይሆናል። ግን በእሱ ምክር ፊደሉን አነሳሁት። ፊደል የሌለው ክፍል ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ አይታይም፤ በስህተትም አይከፈትም። ባስፈለገኝ ጊዜ ዲስክ ማኔጅመንት ገብቼ አንድ ፊደል እሰጠዋለሁ።